አለት ሲሰበር ወርቅ ሲሰበሰብ

ወርቅ ፈጽሞ የሌለበት አለት ማግኘት ይከብዳል። ለቤት መሠረት የሚፈለጠው ጥቁር ድንጋይም ሆነ ለመንገድ የሚፈጨው ጠጠር በየቶኑ በአማካይ ከ1 እስከ 4 ሚሊግራም የሚደርስ ወርቅ ይዟል። ሚሊግራም የግራም አንድ ሺኛ ናት። ስለዚህ 5 ግራም የምትመዝን ቀለበት ለማሠራት ከተራ አለት ወርቅ እናውጣ ብንል፣ አንዲት ቅንጣት ሳታመልጠን እንኳ ከ1 ሺህ ቶን በላይ መፍጨት ይኖርብናል። የወርቅ ማዕድን ተብሎ የሚከፈት ቦታ ግን ከአንዱ ቶን ጥቂት ግራም ይሰጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሺህ እጥፍ ገደማ ነው። እንግዲህ የዛሬው ትምህርት ጥያቄ ይህ ነው፦ በብዙ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር አለት ውስጥ ተበትኖ የነበረውን ወርቅ ወደ አንድ ጠባብ ቦታ የሰበሰበው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ እሳት ነው። ወርቁ ምድር ውስጥ ቀለጠ፣ እንደ ቀለጠ ብረት ፈሰሰ፣ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ረጋ ይባላል። ይህ አሳብ ከአንጥረኛ ቤት የተወሰደ ይመስለኛል፤ አንጥረኛው ወርቁን በእሳት ያቀልጠዋላ። ነገር ግን ወርቅ የሚቀልጠው በ1,064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። እዚህ የምናጠናቸው የወርቅ ክምችቶች ደግሞ የተፈጠሩት በአብዛኛው ከ250 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። በዚህ ሙቀት ወርቅ አይቀልጥም። ስለዚህ ወርቁ ቀልጦ አልመጣም፤ በትኩስ ውሃ ውስጥ ተሟምቶ መጣ እንጂ። መቅለጥና መሟሟት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከጅምሩ መለየት ያስፈልጋል፤ ከዚህ በኋላ ያለው ትምህርት ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ ይቆማል።

ውሃው ወርቁን ከአንድ ቦታ ማንሳት አለበት፤ ከዚያ የሚሄድበት መንገድ ያስፈልገዋል፤ በመጨረሻም ወርቁን በአንድ ቦታ እንዲጥል የሚያስገድደው ምክንያት ሊኖር ይገባል። ምንጭ፣ መንገድ፣ ማረፊያ እንበላቸው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ማዕድን የለም። እኔ በዚህ ትምህርት ላሳይ የምፈልገው ግን ሦስቱንም የሚያስተሳስራቸው አንድ ነገር እንዳለ ነው፤ እርሱም የአለቱ መታጠፍና መሰበር፣ ማለትም ምድር ስትገፋና ስትገፋፋ የምታሳየው የቅርጽ ለውጥ ነው። ውሃው ተሸካሚ ነው፤ መቼ እንደሚነሳ፣ በየት እንደሚያልፍና የት እንደሚያራግፍ የሚወስንለት ግን የሚሰበረው አለት ነው።

ትምህርቱን መሬት ለማስያዝ አንድ ቦታ እንምረጥ። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በጉጂ ዞን፣ በሻኪሶ አካባቢ የአዶላ የወርቅ ቀበቶ አለ። ለገደምቢና ሳካሮ የሚባሉት የወርቅ ማዕድኖች የሚገኙት በዚሁ ቀበቶ ላይ ነው። ዛሬ አካባቢው ደን የለበሰ ኮረብታና ሸለቆ ነው። ከ800 ሚሊዮን ዓመት በፊት ግን በዚህ በኩል የሞዛምቢክ ውቅያኖስ ብለው ሊቃውንት የሚጠሩት ባሕር ተዘርግቶ ነበር። በባሕሩ ወለል ላይ ላቫ ይፈስሳል፤ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ከውሃው ብቅ ይላሉ፤ በመካከላቸው ባለው ጥልቅ ቦታ ከሞቱ ጥቃቅን ፍጥረታት የተገኘ ካርቦን ያለበት ጥቁር ጭቃ ይነጠፋል። ከዚያ በኋላ ባሕሩ መዘጋት ጀመረ። ከምሥራቅና ከምዕራብ ያሉት አህጉራዊ ምድሮች እየተቃረቡ መጡ፤ ደሴቶቹ እርስ በርስ፣ ቀጥሎም ከአህጉሩ ጋር ተላተሙ። ከ550 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ግጭቱ ሲያበቃ ጎንድዋና የተባለው ታላቅ አህጉር ተሰፍቶ ነበር። የስፌቱ መሥመር ከዓረቢያና ከግብፅ ተነስቶ በሱዳን፣ በኤርትራና በኢትዮጵያ አልፎ ወደ ሞዛምቢክ ይወርዳል። የአዶላ፣ የወለጋ፣ የቤኒሻንጉልና የትግራይ ወርቅ ሁሉ ከዚህ ስፌት ጋር የተያያዘ ነው። የጥንት ግብፃውያን በምሥራቁ በረሃቸው የቆፈሩት ወርቅም የዚሁ ታሪክ ሰሜናዊ ጫፍ ነው።

አሁን ወደ ምንጩ እንግባ። ውሃው ከየት መጣ? የዝናብ ውሃ ወደ ታች ሰርጎ ሊሆን አይችልም ወይ? ጥልቀት ለሌላቸው የወርቅ ዓይነቶች የዝናብ ውሃ ትልቅ ድርሻ አለው። ለአዶላ ዓይነቱ ግን ዋናው ውሃ አለቱ ራሱ የወለደው ነው። የባሕር ወለል ላቫ ከባሕር ውሃ ጋር ሲገናኝ ማዕድኖቹ ይለወጣሉ፤ ክሎራይትን የመሰሉ አረንጓዴ ማዕድናት ይፈጠራሉ። ክሎራይት በክብደቱ ከመቶ ከ10 እጅ በላይ ውሃ በውስጡ የታሠረበት ማዕድን ነው። ይህ ውሃ በስንጥቅ ውስጥ የተቀመጠ ጠብታ አይደለም፤ የማዕድኑ አካል ነው። ካልሳይት ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በዚሁ መልክ ይዟል። ምድሪቱ ስትጋጭ እነዚህ አለቶች እየታጠፉና እየተደራረቡ ወደ ታች ተቀበሩ፤ ሙቀታቸውም ጨመረ። ከ450 እስከ 550 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ክሎራይቱ መጽናት ያቅተዋል፤ ፈርሶ ሌላ ማዕድን ይሆናል፤ የያዘውንም ውሃ ይለቃል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱም አብሮ ይለቀቃል።

በዚያው የሙቀት ደረጃ ሌላም ነገር ይሆናል። ፓይራይት የሚባለውና ሰዎች በቢጫ ብልጭታው ከወርቅ ጋር የሚያሳስቱት የብረትና የድኝ ማዕድን ወደ ፒሮታይት ይለወጣል። ፒሮታይት ከፓይራይት ያነሰ ድኝ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ትርፉ ድኝ ይወጣና ከውሃው ጋር ተገናኝቶ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይሆናል። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተውን ይህን ጋዝ ፍል ውሃ አካባቢ የሄደ ሰው ያውቀዋል። በባሕር ወለል ጭቃ ውስጥ ከተፈጠረው ፓይራይት ጋር ተጣብቆ የቆየው ጥቂት ወርቅም በዚሁ ጊዜ ነጻ ይወጣል። ልብ በሉ፤ ውሃው፣ ተሸካሚው ድኝና ወርቁ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ምክንያት ተለቀቁ። ምክንያቱም አለቱ ተገፍቶ ወደ ሞቀ ጥልቀት መውረዱ ነው።

ድኙን ተሸካሚ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ንጹሕ ውሃ ወርቅን አያሟማም ማለት ይቻላል፤ ስለማያሟማውም ነው የእናቶቻችን ቀለበት ዕድሜ ልክ ታጥቦ የማያልቀው። በትኩሱ ውሃ ውስጥ ግን አንድ የወርቅ አቶም በሁለት የድኝና ሃይድሮጅን ጥምሮች መካከል ይያዛል፤ ባይሰልፋይድ ይባላሉ። ሦስቱ አንድ ላይ ሆነው በውሃው ውስጥ ይጓዛሉ። በጣም በሞቀና ጨው በበዛበት፣ አሲድነቱም በከረረ ውሃ ክሎሪን ይህን ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ በአዶላ ዓይነት ክምችት የምናገኘው ውሃ ግን ጨዉ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ሸክሙ በድኝ ላይ ወድቋል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ያለ ጥቅም አልመጣም። የውሃውን አሲድነት ወርቅና ድኝ ተያይዘው ለመጓዝ በሚመቻቸው ልክ ላይ ያቆየዋል። ጂኦሎጂስቶች ለብዙ ዓመታት ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እንደ ተራ ተጓዥ ሲያዩት ነበር፤ ያለ እርሱ ግን ጉዞው ረጅም ባልሆነ ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ ውሃው የሚሸከመው ወርቅ እጅግ ጥቂት ነው። አንድ ቶን ውሃ 10 ሚሊግራም ወርቅ ይዟል እንበል። 100 ቶን ወርቅ ለማከማቸት 10 ቢሊዮን ቶን ውሃ ማለፍ አለበት፤ ያውም ምንም ሳይጠፋ ሁሉንም ከጣለ ነው። ይህ በተከዜ ግድብ ጀርባ ከሚጠራቀመው ውሃ የሚበልጥ ነው። ያ ሁሉ ውሃ በሰፊው አለት ውስጥ ቢበተን ወርቁም ተበትኖ ይቀራል። በአንድ ጠባብ መሥመር ማለፍ አለበት። ስለዚህ ከሦስቱ ጉዳዮች እኔ የበለጠ ጊዜ ልሰጠው የምወደው መንገዱን ነው፤ ብዙ አለት ምንጭ ሊሆን ይችላል፤ መንገድ የሚሆን ግን ጥቂት ነው።

በ10 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ያለውን ሁኔታ አስቡት። ከላይ የተጫነው አለት የሚያሳድረው ግፊት 265 ሜጋፓስካል ገደማ ነው። ከዚያ ጥልቀት እስከ ምድር ገጽ ድረስ ክፍት የሆነ ቧንቧ ቢኖርና በውሃ ቢሞላ፣ የውሃው ዓምድ ታችኛው ጫፍ ላይ የሚኖረው ግፊት ግን 100 ሜጋፓስካል እንኳ አይሞላም። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዙልኝ። የመጀመሪያው የአለት ግፊት ነው፤ ሁለተኛው ክፍት የውሃ ግፊት ነው። በዚያ ጥልቀት አለቱ ጥቅጥቅ ያለና በሙቀት የለዘበ ስለሆነ ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ። ከታች የተለቀቀው ውሃ መውጫ ያጣል፤ ተጠራቅሞ ግፊቱ ወደ መጀመሪያው ቁጥር ይጠጋል፤ አንዳንዴም ያልፈዋል። የውሃው ግፊት ከላይ የተጫነውን አለት ክብደት ሲያልፍ ምን ይሆናል? ውሃው አለቱን ያነሳዋል። ይህ ሊሆን አይችልም የሚል ካለ ማስረጃው በማዕድን ማውጫዎች ግድግዳ ላይ ይታያል፦ አግድም የተኙ፣ አንዳንዴ አሥር ሜትሮችን የሚዘልቁ ነጭ የኳርትዝ ሥሮች። አንድ አግድም ስንጥቅ ሊከፈት የሚችለው ከላዩ ያለውን ምድር ሁሉ የሚያነሳ ኃይል ከውስጥ ሲገፋው ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1988 ሪቻርድ ሲብሰን፣ ፍራንስዋ ሮበርትና ሃዋርድ ፑልሰን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ይህን አይተው አንድ ማብራሪያ አቀረቡ። ካናዳ ውስጥ በኩቤክ ክፍለ ሀገር ቫል ዶር የሚባል የወርቅ ከተማ አለ። እዚያ ያሉት ወርቅ የያዙ ስብራቶች ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው፤ በላያቸውም አንዱ የአለት ወገን ሌላው ላይ ወጥቷል። ችግሩ እንዲህ ነው። ምድር ከጎን ስትጨመቅ በቀላሉ የሚንሸራተተው ወደ 30 ዲግሪ የተጋደመ ስብራት ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ ስብራት ለመንሸራተት አይመችም፤ ጭምቀቱ ሁለቱን ግድግዳዎች ያጣብቃቸዋል። ታዲያ እንዴት ተንሸራተተ? ውሃው ከውስጥ ገፍቶ ግድግዳዎቹን ስለለያያቸው ነው። ግፊቱ የአለቱን ክብደት እስኪያልፍ ድረስ ስብራቱ ዝም ይላል፤ ሲያልፍ በድንገት ይንሸራተታል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ይሆናል። በዚያች ቅጽበት ስብራቱ ከታች ወደ ላይ ይከፈታል፤ ውሃው እየተጣደፈ ይወጣል፤ ግፊቱም ከመጀመሪያው ቁጥር ወደ ሁለተኛው ያሽቆለቁላል። ከዚያ ውሃው የያዘውን ኳርትዝ ይጥልና ስንጥቁን ይደፍነዋል። ከታች አዲስ ውሃ ይመጣል፤ ግፊቱ እንደገና ይገነባል። አረቄ ስታወጣ የኖረች ሴት ይህን ለመረዳት አይቸግራትም፦ ማሰሮው አፉ ላይ በሊጥ ተመርጎ እሳቱ ሲበረታ እንፋሎቱ ምርጊቱን ይፈነቅላል፤ እርስዋም መልሳ ትመርገዋለች። በምድር ውስጥ መራጊው ኳርትዝ ነው፤ ሥራውም በሺህ ለሚቆጠሩ ጊዜያት ይደጋገማል።

ስለዚህ የወርቅ ክምችት አንድ ቀን የሆነ ነገር አይደለም። የብዙ መንቀጥቀጦች ድምር ነው። ለዚህም ድንጋዩ ራሱ ምስክር ነው። ከእንዲህ ያለ ሥር የተሰበረ የእጅ ስፋት ያለው ድንጋይ አንስታችሁ ብታዩ፣ ከሩቅ ወጥ ነጭ የመሰለው ኳርትዝ ከቅርብ ሲታይ ተደራራቢ ነው። አንድ ነጭ ንጣፍ፣ ቀጥሎ እንደ እርሳስ ጭረት የቀጠነ ጥቁር መሥመር፣ ደግሞ ነጭ ንጣፍ፣ ደግሞ ጥቁር መሥመር። ጥቁሩ መሥመር ከግድግዳው ተልጦ የቀረ የአለት ስስ ቅርፊት ነው። አለቱ ተሰነጠቀ፣ ኳርትዝ ሞላው፤ በጥቂት ሚሊሜትር ራቅ ብሎ እንደገና ተሰነጠቀ፣ እንደገና ተሞላ። ጆን ራምዚ የተባለው የስነ-ምድር ሊቅ ይህን የመሰንጠቅና የመደፈን ሂደት እ.ኤ.አ. በ1980 በጽሑፍ አብራርቶታል። በጥቁሩ መሥመር ላይ የሠፈሩ የፓይራይት ኩቦች ይታያሉ፤ ድንጋዩን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ በአጉሊ መነጽር ብታተኩሩ ምናልባት ከነሱ አጠገብ ቢጫዋን ነጥብ ታገኛላችሁ። ፓይራይት ሲያዞሩት ብልጭታው ይጠፋል፤ በመርፌ ቢነኩት ይሰባበራል። ወርቅ ግን ከየትም ቢያዩት ቀለሙ አይለወጥም፤ መርፌ ሲነካው ይሰረጎዳል እንጂ አይሰበርም።

ያን ዘመን ያለፈ ውሃ ዛሬ ልናገኘው እንችላለን ወይ? እንችላለን። ኳርትዙ ሲያድግ ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎችን በውስጡ አስሮ ያስቀራል። ድንጋዩን ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ አስስቶ በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው ከፀጉር ስፋት ያነሱ ጠብታዎችን ያያል። በአንዳንዱ ጠብታ ውስጥ ሁለት ክብ ቀለበት፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ተቀምጦ ይታያል፤ ውጩ ውሃ፣ ቀጥሎ ፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ መሐሉ ጋዝ ነው። ድንጋዩን በልዩ መሣሪያ አቀዝቅዘው እንደገና ቀስ ብለው ሲያሞቁት፣ በረዶ የሆነው ነገር ከዜሮ በታች 56.6 ዲግሪ ላይ ከቀለጠ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመሆኑ ጥርጥር የለም። የውሃው በረዶ የሚቀልጥበት ደረጃ ደግሞ የጨዉን መጠን ይናገራል። ከዚያ ሲያሞቁት የተለያዩት ፈሳሾች አንድ የሚሆኑበት ሙቀት ጠብታዋ በታሠረችበት ጊዜ የነበረውን ሁኔታ ይጠቁማል። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጨዉ ማነስና ስለ ጋዙ እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ ከእነዚህ ጠብታዎች የተገኘ ነው።

አሁን ወደ ማረፊያው ደርሰናል። ውሃው ወርቁን ለምን ይጥላል? መቀዝቀዙ ብቻ ይበቃል ብለው የሚያስተምሩ አሉ፤ በእኔ ግምት ግን መቀዝቀዝ ብቻውን ደካማ ምክንያት ነው፤ በጥልቅ ምድር ሙቀቱ ቶሎ አይወርድምና። ሁለት የበረቱ ምክንያቶች አሉ። አንዱ አሁን ያየነው የግፊት መውደቅ ነው። ስብራቱ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከውሃው ተለይቶ ጋዝ ይሆናል፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይዱም ከጋዙ ጋር ይሄዳል። ወርቁ ተሸካሚውን አጣ ማለት ነው፤ ባለበት ይወድቃል። ሁለተኛው ምክንያት ከስንጥቁ ግድግዳ ይመጣል። ግድግዳው ብረት የበዛበት አለት ከሆነ ብረቱ ከውሃው ድኝ እየነጠቀ ፓይራይት ይሠራል፤ አሁንም ወርቁ ተሸካሚ ያጣል። ብዙ ጊዜ ወርቅን ከፓይራይት አጠገብ ወይም በውስጡ የምናገኘው ለዚህ ነው። ወርቁ በነጩ ኳርትዝ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ግራና ቀኝ ባለው ቀለሙ በተለወጠ አለት ውስጥም ሊኖር ይችላል፤ ነጩን ብቻ እየለቀሙ ግድግዳውን መጣል ብዙ ወርቅ ያስጥላል።

ለገደምቢ እነዚህ ሁሉ እንዴት እንደሚገናኙ ያሳየናል። በአንድ ወገን ጠንካራ ናይስ አለ፤ የጥንቱ አህጉር ወለል ነው። በሌላው ወገን የሜጋዶ ቀበቶ የሚባለው የባሕር ላቫና የባሕር ጭቃ የነበረ፣ በሙቀትና በግፊት ሺስት የሆነ አለት ተደርድሯል። ሁለቱ የሚገናኙበት መሥመር ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሄዳል፤ ወደ ምዕራብ በኩል ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አለቱ በዚህ መሥመር ላይ ጎን ለጎን እየተንሸራተተ ተፋትጓል፤ የኳርትዝ ሥሮቹም ይህንኑ ተከትለው ገብተዋል። ለምን እዚህ? ጠንካራና ለስላሳ አለት ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ ምድር በገፋቻቸው ጊዜ ለስላሳው ሲታጠፍ ጠንካራው ይቆማል፤ መገናኛቸው ላይ መለያየትና መሰንጠቅ ይበዛል። በዚህ ላይ የዚያ ጥንታዊ ጥቁር ጭቃ ካርቦን ግራፋይት ሆኖ በሺስቱ ውስጥ ተቀምጧል። ግራፋይት እንደ እርሳስ ልስልስ ስለሆነ መንሸራተቱን ወደ ራሱ ይስባል፤ ካርቦኑም ከውሃው ጋር ተገናኝቶ የወርቁን ጥምር ለማፍረስ ያግዛል። መንገዱና ማረፊያው በአንድ መሥመር ላይ ተገጣጠሙ። ወርቁ በብዛት ያለው ሴሪሳይት የሚባለው የሚካ ዓይነት በተፈጠረበት ክፍል ነው፤ ጋሌና ከሚባለው የእርሳስ ማዕድንም አይርቅም። የሆነው ሁሉ የሆነው ከ500 ሚሊዮን ከሚበልጥ ዓመት በፊት፣ የታላቁ ግጭት ማብቂያ አካባቢ ነው።

አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። በዓለም ላይ ባሉ የወርቅ ቀበቶዎች ትልቁ ወርቅ ብዙ ጊዜ በትልቁ ስብራት ላይ አይገኝም። መቶ ኪሎ ሜትሮችን የሚዘልቀው ዋና ስብራት ውሃውን ከጥልቅ ያመጣዋል፤ ወርቁ የሚቀመጠው ግን ከእርሱ በጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ባሉ ትናንሽ ቅርንጫፎች፣ በተለይም ስብራቱ በሚታጠፍበት ወይም ሁለት ስብራቶች በሚገናኙበት ቦታ ነው። ምክንያቱ አይከብድም። ቀጥ ያለ ስብራት ሲንሸራተት ግድግዳዎቹ ተጠጋግተው ያልፋሉ፤ የታጠፈ ስብራት ሲንሸራተት ግን እጥፋቱ ላይ ክፍተት ይከፈታል። ክፍተት ባለበት የግፊት መውደቅ አለ። በአንድ የስነ-ምድር ካርታ ላይ ወርቅ የሚፈልግ ሰው ከረጅሙ ቀጥታ መሥመር ይልቅ መሥመሩ የተጠማዘዘበትን ቢፈልግ ይሻለዋል።

ዲዮን ዌዘርሊና ሪቻርድ ሄንሊ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት ይህን ክፍተት በስሌት መረመሩት። መንቀጥቀጡ በቅጽበት የሚከፍተው ክፍተት ውሃው ሮጦ ሊሞላው ከሚችለው ይፈጥናል፤ ግፊቱ ስለሚያዘቀዝቅ ውሃው ወዲያው ይተንና የያዘውን ኳርትዝና ብረታ ብረት ሁሉ ይጥላል። ትንሽ መንቀጥቀጥ እንኳ ይህን ማድረግ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በአውስትራሊያ ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ በክሪስ ቮይሲ የተመራ ቡድን ከዚህ ለየት ያለ ነገር አሳየ። ኳርትዝ ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ማዕድን ነው፤ የግድግዳ ሰዓት የሚሠራበት ባሕርይው ነው። ቡድኑ ወርቅ በተሟማበት ፈሳሽ ውስጥ ኳርትዝ ነክሮ በመንቀጥቀጥ መጠን ሲያናውጠው ወርቁ በኳርትዙ ገጽ ላይ ተቀመጠ፤ ቀድሞ ወርቅ ባለበትም ላይ ተጨማሪ ተደረበ። በአንድ ሥር ውስጥ ወርቁ እኩል ተሰራጭቶ ሳይሆን እዚህና እዚያ በአንኳር መልክ የሚገኝበትን ምክንያት ይህ ሊያብራራ ይችላል። እኔ ይህን ግኝት የግፊቱ ማብራሪያ ላይ የሚጨመር አድርጌ ነው የማየው፤ በሁለቱም ውስጥ መነሻው የአለቱ መናወጥ ነው።

ሙቅ ውሃ ወርቅ ሲጥል በዓይን የታየበት ቦታም አለ። በኒውዚላንድ ኦሃኪ በሚባለው የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ መስክ ጉድጓዶቹ በሚያስወጡት ውሃ መንገድ ላይ ግፊት መቆጣጠሪያ ሳህኖች ተገጥመዋል። ውሃው ሳህኑን ሲያልፍ ግፊቱ በድንገት ይወድቅና ይፈላል። ኬቪን ብራውን እ.ኤ.አ. በ1986 እንደዘገበው ሳህኖቹ ላይ የተጋገረው ቅርፊት ወርቅ የበዛበት ሆኖ ተገኘ። እርሱና ስቱዋርት ሲመንስ ቆይተው በፓፑዋ ኒው ጊኒ ሊሂር ደሴት ያለውን የላዶላም ክምችት አጠኑ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። ከደሴቲቱ ሥር የሚወጣው ትኩስ ውሃ በየቶኑ 15 ሚሊግራም ገደማ ወርቅ ይዟል፤ በዓመት 24 ኪሎ ግራም ወርቅ ያመጣል። በዚህ ፍጥነት የክምችቱ 1,300 ቶን ያህል ወርቅ በ55,000 ዓመት ገደማ ሊሰበሰብ ይችላል። ለምድር ይህ አጭር ጊዜ ነው። ኦሃኪና ሊሂር ከአዶላ ይልቅ ወደ ምድር ገጽ የቀረቡ፣ ከእሳተ ገሞራ ጋር የተያያዙ ሥርዓቶች ናቸው፤ ጥልቀታቸውና የውሃቸው ምንጭ ይለያል። የግፊት መውደቅ ወርቅ እንደሚያስጥል ግን እዚያ ቆሞ ማየት ይቻላል።

ከዚህ ተነስቶ ስለ ስምጥ ሸለቆአችን የሚጠይቅ ተማሪ ይኖራል። እዚያም ፍል ውሃ አለ፤ መንቀጥቀጥ አለ፤ ታዲያ የአዶላ ወርቅ የስምጥ ሸለቆው ነው? አይደለም። ስምጥ ሸለቆው ምድር ስትለጠጥ የተፈጠረ ነው፤ ዕድሜውም በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ነው። የአዶላ ወርቅ ምድር ስትጨመቅና ስትፋተግ፣ ከዚያ በብዙ እጥፍ በቀደመ ዘመን፣ በኪሎ ሜትሮች ጥልቀት የተቀመጠ ነው። በስምጥ ሸለቆው ፍል ውሃዎች አካባቢ ወርቅ ቢፈለግ የሚፈለገው የኒውዚላንዱን ዓይነት፣ ወደ ገጽ የቀረበ ወርቅ ነው። ሁለቱን ማምታታት በሌለበት ቦታ መቆፈርን ያስከትላል።

ያ ሁሉ ወርቅ በጥልቅ ከተቀመጠ ዛሬ እንዴት በእጃችን ገባ? ግጭቱ ያነሳቸው ተራሮች በዝናብና በወንዝ ተሸርሽረው አለቁ፤ ከላይ የነበረው ኪሎ ሜትሮች የሚሞላ አለት ተነሳ፤ ጥልቁ ወደ ገጽ ወጣ። ከዚያ ደግሞ የወርቁ ሥሮች ራሳቸው መሸርሸር ጀመሩ። ፓይራይቱ ዝገት ሆኖ ድንጋዩን ቀይ አደረገው፤ ኳርትዙ ተሰባበረ፤ ወርቁ ግን አይዝግምና በቅንጣት መልክ ወደ ወንዝ ወረደ። ከኳርትዝ ሰባት እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ ውሃው በሚዘገይበት፣ ከጠጠሩ ሥር፣ በመጨረሻው አለት ላይ ይቀመጣል። ደለል ወርቅ የምንለው ይህ ነው። በአዶላ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ የተመረተው በመጀመሪያ ይኸው ነበር።

ወርቅ አጣቢዎች በገበቴ አሸዋውን ሲያሽከረክሩ ቀላሉ ይፈስሳል፤ በመጨረሻ ጥቁር ከባድ አሸዋና በጠርዙ ላይ ቢጫው ክር ይቀራል። ያን ጊዜ ቅንጣቷን ከመመዘን በፊት ቅርጿን ማየት ተገቢ ነው። ተፈግፍጋ የተድበለበለችና የተጠፈጠፈች ከሆነች ከሩቅ መጥታለች። ጠርዟ የሾለ፣ ጎድጓዳዋ ላይ ነጭ የኳርትዝ ፍርፋሪ የያዘች ከሆነች እናት አለቷ ቅርብ ነው። ከወንዙ ወደ ላይ በየገባሩ አፍ እያጠቡ ሲሄዱ ቢጫው ክር ድንገት የሚጠፋበት ገባር ላይ ይደረሳል፤ ከዚያ በታች ወርቅ አለ፣ በላይ የለም። ወርቁ የገባው በመካከል ካለው ኮረብታ ነው ማለት ነው። እዚያ ኮረብታ ላይ ወጥቶ መፈለግ ያለበትም የሁለት የተለያዩ አለቶች መገናኛ፣ የተንሸራተተና የተፋተገ ድንጋይ፣ ጥቁር መሥመር የገባበት ተደራራቢ ኳርትዝና ፓይራይቱ ዝጎ ያቀላው ግድግዳ ነው።